ኩልታይ አልደወለችም

ኤዴሊያ ካርካሞ የመጨረሻውን ትእዛዝ ጽፋ ቁልፉን ስትጫን፣ ግራ እጇ የሹራቧን ጫፍ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ኩልታይ» የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ብልጭ አለና ጠፋ።

መጥፋቱ ያለ ነው። ከባሕሩ ማዶ፣ ደሴቲቱ ላይ ያለው ኮምፒውተር አሁን ራሱን ይዘጋል፤ ተመልሶ ይነሣል፤ ሲነሣም አሮጌውን የመገናኛ ፕሮግራም ትቶ፣ ዛሬ ጠዋት በስልክ ሽቦ የተላከለትን አዲሱን ይዞ ዋናው ቢሮ ወዳለበት ወደ ኬዮን ይደውላል። የዛጎል ለቃሚ ጠላቂዎች ማኅበር ሌሎቹ ስድስት ቅርንጫፎች ሁሉ እንዲህ አድርገዋል። በጠፉ ቁጥር ኤዴሊያ ትንፋሿን ይዛለች፤ ኮምፒውተሩን ከስልክ ሽቦ ጋር የሚያገናኘው ሞደም በጮኸ ቁጥር ለቃለች። ኩልታይ ሰባተኛዋና የመጨረሻዋ ናት።

የመጨረሻ ያደረገቻትም ኤዴሊያ ራሷ ነበረች። ኢንጂነር ሊሳንድሮ ጠዋት ከየትኛው እንጀምር ብሎ ሲጠይቃት፣ ከኩልታይ በቀር የሁሉንም ስም ጠርታለታለች። እዚያ የምትሠራው ልጇ ኖልቪያ ናት። ያልተፈተነ ነገር ደግሞ በልጅ አይጀመርም፤ መጀመሪያ በሰው ይሞከራል።

ሞደሙ ዝም እንዳለ ነው።

«ገና ነው» አለ ኢንጂነሩ፣ እርሳሱን በጥርሱ እንደያዘ። ከሳንቲያጎ የመጣ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ተሰምቶ የማይታወቅ ሰው ነው። ማኅበሩ አዲስ ዋና ኮምፒውተር ሲገዛ አብሮት መጣ፤ አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ የአሮጌውን ፕሮግራም ቋንቋ አይሰማም። ለዚህ ነው ሰባቱም ቅርንጫፎች በአንድ ጠዋት መለወጥ የነበረባቸው።

ነገሩ በዲስክ የሚሠራ ቢሆን ቀላል ነበር። ዲስኩን በኪስ ይዞ በጀልባ መሻገር፣ ኮምፒውተሩ አፍ ውስጥ መክተት፣ ማቴ የሚሉትን ሻይ እየመጠጡ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ግን የቅርንጫፎቹ ኮምፒውተሮች አፍ የላቸውም። ባለፈው ዓመት አንዱ ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ሰው የኳስ ጨዋታ ያለበት ዲስክ አስገባ፤ ከጨዋታው ጋር ተደብቆ የገባው ቫይረስ የአንድ ክረምት ሙሉ መዝገብ በላ፤ ማኅበሩም ተቆጥቶ የሁሉንም የዲስክ ማስገቢያ አስነቅሎ ቀዳዳውን በቆርቆሮ አስመታው። ስለዚህ ለአዲሱ ፕሮግራም የቀረለት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ያው አሮጌው ፕሮግራም የሚሄድበት የስልክ ሽቦ። መንገዱ ላይ እየሄዱ መንገዱን መለወጥ። ኤዴሊያ ይህን ከሰማች ጀምሮ ከአንድ ሌሊት በቀር ደህና እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። ደሴቶቹ ላይ ሰዎች ከእንጨት የተሠራ ቤት እንዳለ ሲጎትቱ ታስታውሳለች፤ ምድጃው ውስጥ እሳቱ እየነደደ፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃው እንደተሰቀለ፣ ቤቱ ብቻ በበሬ እየተጎተተ አገር ይለውጣል። እሷ ልጅ ሆና እንኳ የምታየው የሚጎትቱትን በሬዎች አልነበረም። የምታየው ምድጃውን ነበር።

«ካልሆነስ?» ብላ ነበር ኢንጂነሩን ከሳምንት በፊት። «አዲሱ ተነሥቶ ቢደውልና ባያገኘንስ? ማን ነው እዚያ ሄዶ የሚያስተካክለው?»

«ይደውላል እኮ፣ ዶኛ ኤዴሊያ።»

«ባይደውልስ?»

እሱም ሣቅ ብሎ፣ ለእርስዎ ስል ብሎ አንድ ትእዛዝ ጨመረላት። አዲሱ ፕሮግራም ሦስት ጊዜ ደውሎ ዋናውን ቢሮ ካላገኘ፣ ቅርንጫፉ ራሱ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ኤዴሊያ ያን ዕለት ማታ ደህና አደረች።

ሮሳልባ ከምድጃው አጠገብ ካለው ጠረጴዛዋ ሆና ትመለከታቸዋለች። የማኅበሩን ስልክና ፋክስ የምትይዘው እሷ ናት፤ ኖልቪያን ክርስትና ያነሣቻትም እሷ ናት፤ ስለዚህ ከኤዴሊያ ጋር አበልጆች ናቸው።

«አበልጄ፣ ተንፍሺ እንጂ» አለቻት። «አንቺ እኮ ፀሐይ ወጥቶ እንኳ ጃንጥላሽን ዘርግተሽ የምትሄጂ ሴት ነሽ። ባል ሲመጣልሽም ሬሳ ሣጥኑን ለክተሽ ነው ያገባሽው ይላሉ።»

ኤዴሊያ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። ባሏ አሁንም በሕይወት አለ፤ ይህም ለእሷ ገና ያልመጣ ነገር ነው እንጂ የማይመጣ ነገር አይደለም።

ሞደሙ ዝም እንዳለ ነው።

ጠዋት ኩልታይ ገና በአሮጌው ፕሮግራም ላይ ሳለች ከኖልቪያ ጋር ተጻጽፈው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ስክሪኑ ግርጌ ባለችው መስመር ላይ አንድ ሁለት ቃል መለዋወጥ ልማዳቸው ነው። ኖልቪያ፣ ዛሬ ቢሮ አልቀመጥም፣ የዶኛ ኦርፌሊናን ቤት እንጎትታለን፣ ማሽኑን አብርቼ ትቼልሻለሁ፣ እንዳታበላሺብኝ አለች። ዶኛ ኦርፌሊና ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ ቤቷ ያለበት ገደል በየክረምቱ እየተናደ፣ ዘንድሮ የጓሮውን አጥር ወሰደው። ቤቱ ከመሄዱ በፊት መሄድ ነበረበት፤ ወደ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ። ለደቦው የደሴቲቱ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ በሬ ያለው በሬውን፣ ገመድ ያለው ገመዱን ይዞ።

ኤዴሊያም ሁልጊዜ እንደምትጽፈው ጻፈች።

«በላሽ?»

ይህች ጥያቄ የቢሮው መሣቂያ ናት። ኖልቪያ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ግን በየቀኑ መጨረሻ ይህችን ሳትጽፍ መስመሩን አትዘጋም። ልጅቱም አንዴ በላሁ ትላለች፣ አንዴ በላሁ ደግሞም ጠገብኩ፣ ስትናደድ ደግሞ ኮምፒውተሩን በላሁት ትላለች። ዛሬ ጠዋት የጻፈችው ሌላ ነበር።

«አልበላሁም። ኩራንቶ አለ፤ ሆዴን ባዶ አድርጌ ነው የምሄደው።»

ቤት የተጎተተላት ሰው ደቦውን ኩራንቶ ታበላለች። ጠዋት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ድንጋይ በእሳት ይግላል፤ በጋለው ድንጋይ ላይ በጆንያ የተለቀመ ዛጎል ይፈስሳል፤ ሥጋው፣ ቋሊማው፣ ድንቹ በላዩ ይደረደራል፤ ከዚያ በሰፋፊ ቅጠልና በሣር ክዳን ይታፈናል። ቤቱ አዲሱ ቦታው ሲደርስ ጉድጓዱ ይከፈታል። ኤዴሊያ ይህን ስታነብ የፈራችው ልጇ በገመድ እንዳትመታ ነበር። ገመድ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። ስለ ጉድጓዱ አላሰበችም።

ፋክሱ መጮህ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ሮሳልባ ወረቀቱን ቆርጣ፣ እንደ ወትሮው ከሩቅ ይዛ፣ በግንባሯ ላይ ያለውን መነጽር አውርዳ አነበበች። ሳትጨርሰው ተነሣች። ወደ ኤዴሊያ ጠረጴዛ ስትመጣ ፊቷ ላይ የነበረው ቀልድ ሁሉ ሄዶ ነበር።

ከቤተ ሙከራው ነው። ባለፈው ሳምንት ከኩልታይ ሰርጥ የተወሰደው ዛጎል መርዝ ተገኝቶበታል። መጠኑም ከፍተኛ ነው። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ መልቀም፣ መሸጥና መብላት ክልክል ነው።

ቀዩ ማዕበል ይሉታል፤ ውሃው ግን ብዙ ጊዜ አይቀላም። ዛጎሉ አይሸትም፣ ጣዕሙ አይለወጥም፣ ምንም ያህል ቢበስል መርዙ አይሞትም። ኤዴሊያ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የአባቷ የአጎት ልጅ ኤሌውቴሪዮ ከምሳ በኋላ ከንፈሬ ተኛ ብሎ ሲሥቅ አይታለች። ልጆቹን ጠርቶ ከንፈሩን እንዲቆነጥጡት ያደርግ ነበር፤ አይሰማኝም፣ ጠንከር አድርጉ እያለ። እሷም ቆንጥጣዋለች። ከዚያ እጁ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ትንፋሹ።

«ስልክ» አለች ኤዴሊያ።

ሮሳልባ ደወለች። ኩልታይ ላይ ያለው ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩም የሚነጋገርበት እሱው የማኅበሩ ስልክ ነው። አይጠራም። የተያዘም አይደለም። በጆሮ ላይ የሚሰማው የባዶ ጉድጓድ ዝምታ ነበር።

ኤዴሊያ እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች፣ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው።

«ገደልኩት» አለች።

ኢንጂነሩ ፕሮግራም የስልክ ሽቦ አይገድልም፣ ኮምፒውተሩ ድንጋይ ሆኖ ቢቀር እንኳ ስልኩ ራሱን ችሎ ይጠራል ብሎ በእርጋታ አስረዳት። ቃሉ ገባት፤ ሆዷ ግን አልተቀበለውም። ለሃያ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው አንድ ቀን ይህ ይመስላት ጀመር፤ በገዛ ጣቷ፣ በገዛ ልጇ።

ሮሳልባ ግን እጅ አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ወደ ወደቡ ደወለች፤ ከጠዋት ጀምሮ የሰሜን ነፋስ ስላየለ የወደቡ አዛዥ ለትንንሽ ጀልባዎች መውጣት ከልክሏል፤ ትልቁ ደግሞ ደሴቲቱ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የጀልባ ሬዲዮ ያላቸውን ጠላቂዎች በየስማቸው ጠራች፤ ማንም አልመለሰም። ጀልባዎቹ ሁሉ ባዶአቸውን ታስረው ባለቤቶቻቸው ቤት እየጎተቱ ነው። በመጨረሻ ለደሴቶቹ መልእክት የሚያነበው ሬዲዮ ጣቢያ ደወለች፤ አንባቢው ያውቃታል። የሚጫወተውን ዘፈን አቋርጦ ወዲያው አነበበው። ድምፁ ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠችው ትንሿ ሬዲዮ ወጣ፤ «ለኩልታይ ደሴት ነዋሪዎች ሁሉ፣ ከጠላቂዎች ማኅበር፣ ዛጎል እንዳትበሉ፣ ደግሜ እናገራለሁ፣ ዛጎል እንዳትበሉ።»

ሦስቱም ሬዲዮውን ተመለከቱ።

«ማን ይሰማዋል?» አለች ሮሳልባ ቀስ ብላ። «ሬዲዮው ቤት ነው ያለው፤ ሰዉ መንገድ ላይ።»

መንገድ የሚለው ቃል ኤዴሊያ ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። ዶኛ ኦርፌሊና ከገደሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የምትሄደው። ወደዚያ የሚወስደው የላይኛው መንገድ ነው። የስልኩ ሽቦ የላይኛውን መንገድ አቋርጦ ነው ወደ ማኅበሩ ቢሮ የሚገባው፤ በበሬ ጋሪ ቁመት እንጂ በቤት ቁመት አልተሰቀለም። ልጅ ሳለች ባየችው ደቦ ሁሉ አንድ ሰው በረጅም መሰላል ላይ ይወጣና የመጣውን ሽቦ ሁሉ እየፈታ መሬት ላይ ያስተኛል፤ ቤቱ ያልፋል፤ ከዚያ ሽቦው ተመልሶ ይሰቀላል። ማንንም አያስፈቅዱም። ለቤት ሲባል መንገድ ይለቀቃል።

«ሽቦውን አውርደውታል» አለች። «ቤቱን ሊያሳልፉ።»

ኢንጂነር ሊሳንድሮ እርሳሱን ከአፉ አወጣ። የስልክ መሥመር ማንም እየተነሣ የሚያወርደው ነገር አለመሆኑን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ሁለቱን ሴቶች አየና ተወው። እሱ ያደገበት ከተማ ውስጥ ቤት ቆሞ ሰው ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ልጇም ማሽኗም ደህና ናቸው ማለት ነው። ኤዴሊያን ለአንድ አፍታ ደስ ሊላት ነበር። ወዲያው ሌላው ሐሳብ ተከተለ፤ ሁልጊዜ ሌላ ሐሳብ ይከተላል። ቤቱ ሽቦው ጋ ደርሷል ማለት ከመንገዱ ግማሹን አልፏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ነው፤ በሬዎቹ ሜዳ ላይ አይደክሙም። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ፤ ቀጥሎ ጉድጓዱ።

ደግሞም ጠዋት ከኩልታይ ጀምራ ቢሆን ኖሮ፣ ቤቱ ገና ገደሉ ላይ ሳለ ሥራው ባለቀ ነበር። ልጇን ለመጠበቅ ብላ ነው የመጨረሻ ያደረገቻት። ይህን ሐሳብ ወደ ጎን ገፋችው፤ ለማታ አስቀመጠችው።

ጠበቁ። ሮሳልባ የማቴውን ውሃ ከምድጃው ላይ አወረደች፤ ማንም አልጠጣም። ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ያንኳኳል።

ሞደሙ በድንገት ጮኸ።

ኤዴሊያ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ጥሪ ነው። ሽቦውን ሰቅለውታል። አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ሁለቱ ሞደሞች ተገናኙ፤ ከዚያ ግን ስሙ መምጣት በሚገባው ቦታ ላይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች፣ ነጠብጣቦችና የተሰበሩ ፊደሎች ተንጠባጠቡ። መብራቱ ጠፋ። መስመሩ ተቋረጠ።

ኢንጂነሩ ምልክቶቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ኩልታይ ናት» አለ። «ግን አሮጌው ፕሮግራም ነው የሚናገረው። ሽቦው ወርዶ ሳለ አዲሱ ሦስት ጊዜ ሞክሯል፤ አላገኘንም፤ ተመልሷል።» ቀጥሎ ያለውን አልተናገረም። እንዲመለስ ያደረገችው የእሷ «ባይደውልስ» እንደሆነች ኤዴሊያ ለራሷ ታውቃለች። አሁን ደሴቲቱ እየደወለች ነው፤ በየሩብ ሰዓቱ ትደውላለች፤ እነሱ ግን ቋንቋዋን ጥለውታል።

ሮሳልባ ስልኩን ቀድማ አንሥታ ነበር። አሁን ይጠራል። ጠራ፣ ጠራ፣ በባዶ ቢሮ ውስጥ ጠራ። ደግማ ደወለች። ማንም አያነሣም።

«ቢሮው በር ላይ ሽቦውን የሚሰቅል ሰው ነበር» አለች ስልኩን እያስቀመጠች። «አሁን ነው የሄደው። አንድ ደቂቃ ብንቀድም...»

አሮጌው ዋና ኮምፒውተር ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ከሁሉም ነገር ተነቅሎ ተቀምጧል። ኤዴሊያ ወደ እሱ አየች። ኢንጂነሩም አየ፤ ያሰበችው ገብቶታል።

ችግሩን አልደበቃትም። ቅርንጫፎቹ ሁሉ የሚደውሉት ወደ አንድ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ያለው በአንድ ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ለአሮጌው ከተሰጠ አዲሱ ደንቆሮ ይሆናል። ስድስቱ ቅርንጫፎች ከጥቂት በኋላ የቀኑን ሥራ ሊልኩ ይደውላሉ፤ በአዲሱ ቋንቋ የሚመልስ አያገኙም፤ ሦስት ጊዜ ይሞክራሉ፤ እነሱም ይመለሳሉ። የጠዋቱ ሥራ በሙሉ ይፈርሳል። ሰኞ ደግሞ የማኅበሩ ቦርድ ሊያየው ይመጣል። ከዚህም በላይ አሮጌው ማሽን ከጠፋ በኋላ ተመልሶ መነሣቱ እርግጠኛ አይደለም፤ ባለፈው ጊዜ ሁለት ቀን አስለምኗቸዋል።

«ምናልባት ሬዲዮውን አንድ ሰው ሰምቶት ይሆናል» አለ፣ ራሱም ሳያምንበት። «ምናልባት የሠሩት ከሌላ ሰርጥ በመጣ ዛጎል ይሆናል።»

ኤዴሊያ ሕይወቷን ሙሉ የፈራችውን ነገር ሁሉ በምናልባት ሲያባብሉላት ኖረዋል። ምናልባት ዘግይቶ ነው፤ ምናልባት ተራ ጉንፋን ነው፤ ምናልባት ሌላ ጀልባ ነው። እሷም አንድ ቀን ትክክል ሆና እንዳትገኝ እየጸለየች ዝም ትል ነበር። አሁን ግን መከራከር አላሻትም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጉልበቷ ላይ ወደቀች፤ ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ አቧራውን በእጇ እየጠረገች የስልኩን ሽቦ ከአዲሱ ሞደም ላይ ይዛ ነቀለችው።

ከጠረጴዛው ሥር የኢንጂነሩን ጫማዎች ታያለች። ለጥቂት ጊዜ በቦታቸው ቆዩ። ከዚያ ዞሩ፤ ወደ ጥጉ ሄዱ፤ ሲመለሱ ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው አረማመድ ነበራቸው።

«ጨርቁን ያንሡልኝ፣ ዶኛ ሮሳልባ» ሲል ሰማች።

አሮጌው ማሽን ሲበራ እንደ አሮጌ ሰው ሳለ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ሮሳልባ በመዳፏ ጎኑን መታችው፤ «ተነሣ እንጂ አንተ ሰነፍ፣ ጡረታ ገና ነው» አለችው። ኤዴሊያ አይሠራም ብላ ደመደመች። አይሠራም፤ ቢሠራም ሞደሙ አይሠራም፤ ቢሠራም ሽቦውን ለሌላ ነገር እንደገና ያወርዱታል። ይህን ሁሉ እያሰበች ጣቶቿ የማስጠንቀቂያውን ቃላት ከፋክሱ ላይ ለመገልበጥ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ወጣች። ከዚያ መስመር፤ ከዚያ የለመደችው አሮጌ ገጽ።

መልእክቱን ጽፋ ጨረሰች። የሩብ ሰዓቱ ጥሪ ቀረ፤ ወይም የቀረ መሰላት። ሬዲዮው ማስጠንቀቂያውን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበና ወደ ዘፈኑ ተመለሰ። የአኮርዲዮን ዘፈን ነበር፣ የሠርግ። ሮሳልባ ዘጋችው።

ሞደሙ ጮኸ።

«ኩልታይ» አለ ስክሪኑ።

ኤዴሊያ ቁልፉን ተጫነች። መልእክቱ ሄደ፤ ቀስ ብሎ፣ አሮጌው ፕሮግራም እንደሚያዘግመው። በጎኑ «ደርሷል» የሚል ቃል ወጣ። ከሥሩ ሌላ ቃል ወጣ፤ «አልተነበበም»። አሁን እዚያ፣ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ማተሚያው ወረቀቱን እየቆጠቆጠ እንደሚያወጣው ታውቃለች። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ወለል ላይ ይወድቃል። ነገ ጠዋት ያነሡታል።

መስመሩን ዘግታ በስልኩ ትደውል? ከዘጋችው ተመልሶ ባይከፈትስ? አልዘጋችውም። አሮጌው ፕሮግራም ላይ አንዲት ቁልፍ አለች፤ ስትጫን ማዶ ያለውን ማሽን ታስጮኸዋለች። ኖልቪያ ሥራ ላይ ስታንቀላፋ እናቷ ትቀልድባት የነበረው በእሷ ነው። ኤዴሊያ ተጫነቻት። ደግማ ተጫነቻት። ከዚያ መጫኗን አላቆመችም፤ መስኮቱን የሚያንኳኳ ሰው እንደሚያደርገው፣ አንዴ ቸኩላ፣ አንዴ ጠብቃ። በሩ ክፍት ይሁን። ሽቦውን የሰቀለችው ኖልቪያ ትሁን፤ የቢሮው ኃላፊ እሷ ናትና እሷ ትሁን። መስመሩ መሥራቱን ለማየት ትመለስ። ቤቱ ቆሞ ሰው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ እሷ ወደ ኋላ ትቅር፤ ሁልጊዜ እንደምትቀረው፣ ጫማዋን እያሰረች፣ እየዘገየች። ስለ መዘግየቷ ስንቴ ተቆጥታታለች።

«እዪው» አለች ሮሳልባ።

«አልተነበበም» የሚለው ቃል ጠፍቶ ነበር። በታችኛዋ መስመር ላይ አንድ ፊደል መጣ፤ ሌላ ተከተለው።

«እማ ምን ሆነሻል ማሽኑን እኮ አሳበድሽው»

ሮሳልባ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ኢንጂነሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ኤዴሊያ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ልጇ ናት፤ ይህ ግን ምንም አይነግርም። ኤሌውቴሪዮም ይሥቅ ነበር። ጉድጓዱ የሚከፈተው ቤቱ ሲቆም ነው፤ ቤቱ ቆሟል ወይስ ገና ነው? ሽቦ የሰቀለ ሰው ትኩሱን መጀመሪያ ይቀምሳል፤ የእጁ ዋጋ ነው።

ወረቀቱን አንብቢው፣ ሩጪ፣ ጩኺ ብላ ልትጽፍ ጣቶቿን አነሣች። ጣቶቿ ግን ከእሷ ቀድመው፣ ለዓመታት ሳያስቡ ሲጽፏት የኖሩትን ቃል ጻፏት።

«በላሽ?»

ከጻፈችው በኋላ አየችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇ አልበላሁም እንድትላት ፈለገች።

ጠቋሚው ባዶው መስመር ላይ ብልጭ፣ ድርግም ይላል። ወረቀቱን ከወለሉ ላይ አንሥታ እያነበበችው ይሆናል። ወይም አንብባው፣ እጇን ወደ ከንፈሯ ወስዳ፣ ቀስ ብላ እየቆነጠጠችው ይሆናል። ወይም ወረቀቱን ይዛ በሩን ከፍታ እየሮጠች ይሆናል። ከጣራው በላይ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያነሣል፣ ይጥላል። ኤዴሊያ ትንፋሿን ያዘች።

ጠቋሚው መንቀሳቀስ ጀመረ።